ፀሐይ፣ ርጭትና የእንቁራሪት እንቁላል፦ ከጎጃም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎጃም ውስጥ ባለች አንዲት ከተማ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሰኔ ሲገባ ተማሪዎቼ የእንቁራሪት እንቁላል በጠርሙስ ይዘውልኝ ይመጣሉ። ወላጆቻቸው ደግሞ ገበያ ላይ ሲያገኙኝ ስለ አረምና ተባይ መድኃኒት ርጭቱ ይጠይቁኛል። መልሴ በየዓመቱ አንድ ዓይነት እየሆነ ስለመጣ እዚህ አሰባስቤዋለሁ። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ወሮቹ ግን የኛው ናቸው።

ክፍል ያስቀመጥነው እንቁላል ተፈለፈለ፤ ሜዳው ላይ የተውነው ነጭ ሆኖ ቀረ። ለምን?

ይህን የጠየቁኝ የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ናቸው። እንቁላሉን ያገኙት ከግጦሽ ሜዳ ዳር፣ የከብት ኮቴ በረገጠው ጉድጓድ ውስጥ ባቆረ ውሃ ነው። አይታችሁት ከሆነ ተልባ ሲዘፈዘፍ በሚያወጣው ልሃጭ ውስጥ ኑግ የተበተነበት ይመስላል። ግማሹን በጠርሙስ አድርገው መስኮት ላይ አስቀመጡት፤ ግማሹን እዚያው ተዉት። ከጥቂት ቀናት በኋላ አብረን ሄደን ስናይ ጉድጓዱ ውስጥ ካለው ክምር የላይኛው ድርድር ነጥቷል፤ ጥጥ የመሰለ ሻጋታም ለብሷል። ከሥር ያሉት ግን ጥቁር ናቸው፤ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳሉ። መስኮቱ ላይ ያለው አብዛኛው ተፈልፍሏል።

ልጆቹ «ፀሐይ ገደለችው» አሉ። ግማሽ ልክ ናቸው። ተራ የመስኮት መስታወት ጎጂውን የፀሐይ ጨረር አብዛኛውን ያስቀራል። ነገር ግን ጠርሙሱ ውስጥ የነበረው የምንጭ ውሃ ነው፤ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ደግሞ ከበቆሎ ማሳ ሥር የወረደ። የጠርሙሱ ውሃ አልቀነሰም፤ የጉድጓዱ በየቀኑ እየጎደለ ነበር። ቀን ቀንም ጉድጓዱ ውስጥ እጅ ሲያስገቡ ለብ ይላል። በሁለቱ መካከል አራት ነገር ተለያይቷል ማለት ነው። ከአራቱ አንዱን ነጥሎ «ገዳዩ ይህ ነው» ማለት አይቻልም። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ የሚዞረው በዚሁ ላይ ነው።

እንቁራሪት ከሌላው እንስሳ ይልቅ ለምን ትጎዳለች?

ቆዳዋ አጥር ስላልሆነ ነው። የእኛ ቆዳ ውሃን ወደ ውጭ ይመልሳል፤ የእሷ ያስገባል። በአፏ ውሃ አትጠጣም፤ በቆዳዋ ትመጠዋለች፤ ከምትተነፍሰውም አየር የተወሰነው በዚያው በኩል ይገባል። ውሃው ውስጥ ያለው ሁሉ አብሮ ይገባል። እንቁላሏም እንደ ዶሮ እንቁላል ቅርፊት የለውም። በዚያ ላይ ግማሽ ዕድሜዋ ውሃ ውስጥ፣ ግማሹ መሬት ላይ ስለሆነ የሁለቱም ቦታ ችግር ይደርሳታል። ጉርጥና ሌሎቹ እንቁራሪት አስተኔዎችም በመጠኑ ይለያዩ እንጂ ያው ናቸው።

ፀሐይ ራሷ እንዴት ትጎዳለች? ሲፈጠሩ ጀምሮ ፀሐይ ሥር አይደሉም እንዴ?

ናቸው፤ መከላከያም አላቸው። ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ ችግር የሚፈጥረው አልትራቫዮሌት ቢ የሚባለው ነው። የሞገድ ርዝመቱ ከ280 እስከ 315 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን በዓይን አይታይም። የሕዋስን ዲኤንኤ ይመታል፤ ጎን ለጎን ያሉ ፊደላትን ያጣብቃቸዋል። ሕዋሱ ያንን ካልጠገነ ወይ ይሞታል ወይ ተጣሞ ያድጋል። ጠጋኙ ፎቶላያዝ የሚባል ኢንዛይም ነው፤ የሚሠራውም በሚታየው ብርሃን ጉልበት ነው። ፀሐይ በአንድ እጇ ታቆስላለች፣ በሌላው ታክማለች ማለት ነው። የእንቁላሉ የላይኛው ግማሽ ጥቁር የሆነውም ያለ ነገር አይደለም፤ ጥቁሩ ቀለም ጨረሩን ይይዛል።

የመከላከያው አቅም ግን ከዝርያ ዝርያ በጣም ይለያያል። በ1994 አሜሪካ ኦሪገን ውስጥ አንድሩ ብላውስቲንና ባልደረቦቹ የሦስት ዝርያ እንቁላሎችን በተፈጥሮ ኩሬያቸው ውስጥ እንዳሉ ፈተኗቸው። አንዳንዱን ጨረሩን በሚከለክል፣ አንዳንዱን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ሸፈኑ፤ የቀረውን እንዲሁ ተዉት። የፓስፊክ የዛፍ እንቁራሪት የምትባለው ጠጋኝ ኢንዛይሟ ብዙ ነው፤ ተሸፈነችም አልተሸፈነችም ደህና ፈለፈለች። የካስኬድ ተራራ እንቁራሪትና የምዕራብ ጉርጥ ግን ኢንዛይማቸው ትንሽ ነው፤ ጨረሩ ካልተከለከለላቸው የሚፈለፈለው እንቁላል በግልጽ ቀነሰ። አንድ ፀሐይ፣ የተለያየ ዕጣ።

የጎጃም ፀሐይ ከሌላው አገር ይብሳል?

በሦስት ምክንያት ይጠነክራል። አንደኛው ከፍታ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሲወጡ አልትራቫዮሌት ወደ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የዓባይ በረሃ ሥር ከ1,000 ሜትር ብዙም አይርቅም፤ ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ወደ 2,450፤ የጮቄ አናት ከ4,000 ያልፋል። ሰማዩ እኩል ጥርት ካለ ጮቄ ላይ ጅብራ ሥር ያለች እንቁራሪት ከዓባይ በረሃዋ ይልቅ ሲሶ ያህል የበለጠ ጨረር ታገኛለች ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ከምድር ወገብ አቅራቢያ የኦዞን ሽፋን በተፈጥሮው ከሌላው ቀጠን ያለ ነው። እዚህ ላይ የኦዞን መሳሳት የፈጠረው አይደለም፤ እንዲሁ የቦታው ጠባይ ነው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በትክክል አናታችን ላይ ትሆናለች፤ ጎጃም ላይ ያ የሚሆነው ሚያዝያ አጋማሽ አካባቢና ነሐሴ አጋማሹን አለፍ ሲል ነው። ነሐሴ ላይ ደመናው ይሸፍነናል። ሚያዝያ ላይ ግን ሰማዩ ገና ክፍት ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ሲል እንቁራሪቷ ትወጣለች፣ ትጮኻለች፣ ቶሎ በሚሞቅ ቅርብ ውሃ ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች። ከዚያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ እኛም ማሳ እናጸዳለን፣ አረም እንረጫለን፣ ማዳበሪያ እንበትናለን። ሦስታችንም አንድ ቀጠሮ የያዝን ይመስላል።

ስስ ደመና ደግሞ አያታልላችሁ፤ ብዙ ጨረር ያሳልፋል። የከበደው የሐምሌ ደመና ነው በደንብ የሚቀንሰው።

ሁለት ትንንሽ ጉዳት ሲገናኝ ያው ትንሽ አይደለም?

አይደለም። ለማስረዳት ያህል በምናብ ቁጥር ልናገር። ፀሐይ ብቻዋን ከ100 እንቁላል 5ቱን ትገድላለች እንበል፤ ኬሚካል ብቻውን ደግሞ 5። ሲደመር 10 ይሆናል ብለን እንጠብቃለን። አንዳንዴ 10 ይሆናል። አንዳንዴ ግን 40 ይሆናል። ምክንያቱም የመጀመሪያው ጉዳት ሁለተኛውን የምትከላከልበትን ጉልበት በልቶታል። ዲኤንኤ ለመጠገን የወጣው ጉልበት መርዝ ለማጣራት አይገኝም፤ በሽታ ለመከላከልም አይተርፍም። ባዶ ሆዱን ወባ የያዘውን ሰው አስቡት።

ይህ ግምት አይደለም፤ ተሞክሯል። በ1995 የወጣ አንድ ጥናት የአንዲት ሰሜን አሜሪካዊት እንቁራሪት ሽሎችን አሲዳማ ውሃ ውስጥ አስቀመጠ፤ ሞታቸው ከወትሮው ብዙ አልተለየም። አልትራቫዮሌት ቢ ብቻውን ሰጣቸው፤ አሁንም አልተለየም። ሁለቱን አንድ ላይ ሲሰጣቸው ግን በሕይወት የሚተርፉት ቀነሱ። በዚያው ዓመት ኪሴከርና ብላውስቲን፣ ጨረሩ እንቁላሉን ሳፕሮሌግንያ ለሚባለው የውሃ ሻጋታ እንደሚያጋልጠው አሳዩ። ያ ጥጥ የመሰለው ነጭ ነገር እንግዲህ ይህን ይመስላል። በ2001 ደግሞ የውሃው ጥልቀት ወሳኝ መሆኑ ታየ፦ ዝናብ ባነሰበት ዓመት ኩሬው ይጎድላል፣ እንቁላሉ ወደ ላይ ይቀርባል፣ ጨረሩ ይበረታበታል፣ ከዚያ ሻጋታው ይጨርሰዋል። ከሩቅ ሲያዩት ድርቅ ነው፤ ከቅርብ ሲያዩት ፀሐይ ነው፤ በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ሻጋታ ነው። ሦስቱም እውነት ነው።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ፀሐይ የሌለበት ምሳሌ ነው። ሪክ ሬልያ የሚባል ተመራማሪ ካርባሪል የተባለውን ጸረ ተባይ ባለጭራዎቹ የእንቁራሪት ግልገሎች ላይ ሲሞክር፣ ውሃው ውስጥ የሚበላቸውን እንስሳ ጠረን ብቻ ጨመረበት። እንስሳው አይነካቸውም፤ ይሸታቸዋል እንጂ። በአንዱ ዝርያ ላይ ኬሚካሉ እስከ 46 እጥፍ ገዳይ ሆነ። ፍርሃት ራሱ እንደ መርዝ ይቆጠራል ማለት ነው።

የሚያሳዝነው፣ «ይህን ያህል መጠን ለውሃ እንስሳ አይጎዳም» የሚለው ፈተና ባብዛኛው የሚሠራው ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ በአምፖል ብርሃን፣ በንጹሕ ውሃ፣ በአንድ ኬሚካል ብቻ ነው። እንዲያ ያለ ኩሬ እኔ ጎጃም ውስጥ አይቼ አላውቅም።

ፀሐይ ኬሚካሉን አታጠፋውም? ሰው «ፀሐይ ይበላዋል» ይላል።

ይህም አለ። አንዳንዱ ኬሚካል ፀሐይ ሲያገኘው ይፈርሳል፣ ጉዳቱም ይቀንሳል። አንዳንዱ ግን ፈርሶ የሚሆነው ነገር ከመጀመሪያው ይብሳል። ካርባሪል ከአልትራቫዮሌት ቢ ጋር ሲሆን ለእንቁራሪት ሽልና ግልገል የበለጠ መርዛማ እንደሚሆን በ1998 ታይቷል።

ሌላው መንገድ ይበልጥ ክፉ ነው። ኬሚካሉ መጀመሪያ ሰውነት ውስጥ ይገባል፤ የግልገሏ ገላ ደግሞ ስስ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል። ጨረሩ እዚያው ውስጥ ያገኘውና ሕዋስን የሚያቃጥል የኦክስጅን ዓይነት እንዲፈጠር ያደርጋል። እንዲህ የሚያደርጉት በተለይ ከናፍጣና ከተቃጠለ ዘይት የሚመጡ ውህዶች ናቸው። ባጃጅና ሞተር ወንዝ ዳር ሲታጠብ ውሃው ላይ የሚዘረጋውን ቀስተ ደመና የመሰለ ቅባት አይታችኋል። ጠዋት ጥላ ሳለ ብዙም ላይጎዳ ይችላል። ስድስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ ያው ቅባት ሌላ ነገር ነው።

የምረጨው የአረም መድኃኒት ነው፤ እንስሳ አይነካም ብለውኛል።

መድኃኒቱ የሚባለው ነገር አንድ ውህድ ብቻ አይደለም። ግላይፎሴት የሚባለውን አረም ገዳይ ብንወስድ፣ ቅጠል ላይ እንዲጣበቅ የሚጨመርበት ሳሙና መሰል ነገር አለ። በ2005 የወጡ ሙከራዎች እንደዚያ ዓይነት ተጨማሪ ያለበት ምርት ውሃ ውስጥ ሲገባ ብዙ የእንቁራሪት ግልገል እንደሚገድል አሳይተዋል፤ የሚጠረጠረውም በዋናነት ያ ተጨማሪው ነው። አረም ገዳይ ስለሆነ አረም ብቻ ይገድላል ማለት አይደለም።

ደግሞስ አርሶ አደሩ የሚረጨው መች አንድ ብቻ ሆነ? ለስንዴውና ለጤፉ ቱ ፎር ዲ የሚባለው የአረም መድኃኒት፣ ለሽንኩርቱና ለቲማቲሙ የፈንገስና የተባይ መድኃኒት፣ ዩሪያው በላዩ። እንደ ቆጋ ባለ መስኖ ላይ ደግሞ ይህ ክረምት አይጠብቅም። በጋውን ሙሉ ውሃ አለ፣ ሰማይ ጥርት ያለ ነው፣ ርጭትም አለ። እንቁራሪት ውሃ አገኘሁ ብላ ትመጣለች።

አሲዳማው አፈራችን ከዚህ ጋር ይያያዛል?

ይያያዛል፤ በልኩ። የምዕራብ ጎጃምና የአዊ አፈር ብዙ ቦታ አሲዳማ ነው፤ ኖራ የምንበትነው ለዚያ ነው። አፈሩ አሲድ ስለሆነ ምንጩ ሁሉ አሲድ ነው ማለት ግን አይደለም። የሚያሳስበው ከእንዲህ ያለ ማሳ ወርዶ በትንሽ ጉድጓድ ውስጥ የሚያቁረው ውሃ ነው። አሲዳማ አፈር አሉሚኒየም ይለቃል፤ ማዳበሪያው ናይትሬት ይጨምራል። በ2000 የወጣ ጥናት በካስኬድ ተራራ እንቁራሪት ግልገሎች ላይ ዝቅተኛ ፒኤች (ማለትም የውሃው አሲዳማነት)፣ ናይትሬትና ጨረር ሲጣመሩ በሕይወት መትረፋቸውም እንቅስቃሴያቸውም እንደሚቀንስ አሳይቷል። የፈዘዘ ግልገል ባይሞትም የወፍ ቀለብ ነው።

የክረምት ውሃ ደፍርሶ ቡና መስሎ አይደለም እንዴ የሚወርደው? ጨረሩን አይከልልም?

ጎበዝ ጥያቄ ነው። ይከልላል። ከበሰበሰ ቅጠልና ሣር የሚወጣው ሻይ የመሰለ ቀለም ደግሞ ከጭቃው የተሻለ መከላከያ ነው። በ2002 በአሜሪካ የተደረገ ጥናት ብዙዎቹ የእንቁራሪት ኩሬዎች በዚህ ቀለም ምክንያት ከጨረሩ የተጠበቁ ናቸው ሲል ደምድሟል። ደን ያለው ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር የሚፈልቅ ምንጭ፣ ጨፌ ያለው ረግረግ፣ ይህ መከላከያ አላቸው። ችግሩ ጨፌው ሲታረስና ዛፉ ሲቆረጥ ነው፤ ጥላውም ቀለሙም አብሮ ይሄዳል። ጭቃው ደግሞ ጨረር ቢከልልም የመጣው ከማሳ ነውና ባዶ እጁን አይመጣም።

እምቦጭንም የሚያነሳ አለ፦ «ጥላ ይሰጥ የለ?» ይሰጣል። ጣና ላይ ከታየበት ከ2011 ወዲህ ያየነው ግን ውሃውን ሲያፍን ነው፤ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሳል።

ጎጃም ላይ የተለየ እንቁራሪት አለ ወይ?

አለ። ሌፕቶፔሊስ ያልደኒ ትባላለች፤ ማልኮም ላርጀን በ1977 ነው ለሳይንስ ያስተዋወቃት። ከኢትዮጵያ ውጭ የለችም፤ መኖሪያዋም የጎጃም ደጋ ነው። በወገኗ የዛፍ እንቁራሪት ትባል እንጂ ሣር ሜዳ ላይም ትገኛለች። የሌፕቶፔሊስ ወገኖች ባጠቃላይ እንቁላላቸውን ውሃ ዳር ባለ ርጥብ አፈር ውስጥ ይቀብራሉ። ስለዚህ ከፀሐይ ይድናሉ፤ አፈሩ ውስጥ ካለው ግን አይድኑም። ይህን ስነግራቸው ተማሪዎቼ ሁሌም ዝም ይላሉ፤ የራሳችን እንቁራሪት እንዳለችን የነገራቸው ሰው የለም።

በሽታስ?

ካይትሪድ የሚባል ፈንገስ አለ፤ በ1999 ነው ስም የወጣለት። የእንቁራሪትን ቆዳ ያጠቃል። በኢትዮጵያ ደጋዎች በብዙ ቦታና በብዙ ዝርያ ላይ መገኘቱ በ2012 ታትሟል። መገኘቱ ብቻ እልቂት አይደለም፤ ይዘውት የሚኖሩ አሉ። ሌላ ጫና ሲጨመርበት የትኛው ወገን ይረታል የሚለው ነው ጉዳዩ።

ታዲያ ዋናዋ ጥፋተኛ ፀሐይ ናት?

አይደለችም፤ እንዲህ ብሎ የሚሄድ ሰው ቢኖር ቅር ይለኛል። በ2023 የወጣው ዓለም አቀፍ ግምገማ ከ8,000 በላይ የእንቁራሪት አስተኔ ዝርያዎችን አይቶ ወደ 41 በመቶ የሚሆኑት የመጥፋት አደጋ ላይ ናቸው ብሏል። ከምክንያቶቹ አናት ላይ ያሉት የመኖሪያ መጥፋት፣ በሽታና የአየር ንብረት ለውጥ ናቸው። ተመራማሪዎችም የጨረሩ ድርሻ በሜዳ ላይ ምን ያህል ነው በሚለው ብዙ ተከራክረዋል። እኔ የማምነው ፀሐይን አባባሽ አድርጎ ማየት እንደሚሻል ነው። ፀሐይን ልንከለክል አንችልም፤ የምንችለው ከእሷ ጋር የምናገናኘውን ነገር መቀነስ ነው።

ጉርጥ መንካት የቆዳ ኪንታሮት ያመጣል?

አያመጣም፤ ኪንታሮት የሚመጣው ከቫይረስ ነው። ይልቅ የተቀባነው ቅባትና እጃችን ላይ የቀረው ሳሙና እሷን ነው የሚጎዳት። ካነሣችኋት እጃችሁን በኩሬው ውሃ አርጥቡ፤ ከለቀቃችኋት በኋላ ታጠቡ።

እኔ አርሶ አደር ነኝ፤ ምን ላድርግ?

አንድ ነገር ብቻ የምታደርጉ ከሆነ፣ መርጫውን ምንጭ ውስጥ ወይም ወንዝ ዳር አትጠቡት። ሰው ሲረጭ ውሎ አመሻሽ ላይ የጀርባ መርጫውን እወንዝ ያወርዳል፣ ክዳኑን ይከፍታል፣ ውሃ ሞልቶ ያንቀጫቅጭና እዚያው ይደፋዋል። ነጭ ነገር እንደ ወተት ይወርዳል። ማሳው ላይ ተበትኖ የነበረው መድኃኒት ቅሪት በአንድ ክንድ ስፋት ውስጥ ይወድቃል፤ ከታች ደግሞ ከብት ይጠጣል፣ ልጅ ይቀዳል። እጣቢውን መልሳችሁ ማሳው ላይ እርጩት።

ከዚያ ቀጥሎ፣ በማሳውና በውሃው መካከል ጥቂት እርምጃ ሣር ተዉ፤ ማረሻ አታስገቡበት፣ አትርጩት። ውሃ ዳር ያለ ቁጥቋጦ ካለ ይቆይ። ዝናብ ሊጥል ሲል አትርጩ፤ ይህ ለኪሳችሁም ነው፤ ታጥቦ ለሚሄድ መድኃኒት ነው የከፈላችሁት። የጎርፍ መያዣ ወይም የከብት ውሃ ጉድጓድ ስትቆፍሩ አንዱን ጎን ጠለቅ አድርጉት። ልኩን በተመለከተ የልማት ሠራተኛውን ጠይቁ፤ «አንድ ክዳን ጨምርበት» የሚል ጎረቤት ግን አትስሙ።

እንቁላሉን ወደ ጥላ ላዛውረው?

አይሆንም። ከኩሬ ኩሬ ሲዛወር በሽታም አብሮ ይዛወራል። ካዘናችሁ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ በከፊል ጣል አድርጉበት፤ ባሕር ዛፍ ግን አይሁን።

ትምህርት ቤታችን ምን ሊሠራ ይችላል?

መቁጠር። አንድ ኩሬ ምረጡ፤ በየዓመቱ ያንኑ። ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ ባሉት ምሽቶች፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አካባቢ፣ ከታላቅ ሰው ጋር ሄዳችሁ አሥር ደቂቃ ዝም ብላችሁ ስሙ። ስንት ዓይነት ድምፅ እንዳለ ጻፉ። በማግሥቱ ቀን ተመለሱና የውሃውን ጥልቀት በዱላ ለኩ፤ እንቁላል ካለ ስንቱ ጥቁር ስንቱ ነጭ እንደሆነ፣ ጥላ እንዳለው እንደሌለው፣ በዚያ ሳምንት አጠገቡ ማን ምን እንደረጨ መዝግቡ። የእኛ ደብተር በዚህ ሰኔ አራተኛ ገጹ ላይ ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ አንዲት ልጅ በእርሳስ «ዛሬ አንድ ብቻ ነው የጮኸው፤ እሱም ቶሎ አቆመ» ብላ ጽፋለች።